ቲዩብ ከመቀየርህ በፊት የመብራቱን ቮልት ለካ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ሆቴል በሳምንት ሦስት ምሽት ጊታር የሚጫወት ወጣት አጎቱ ከአምስት ዓመት በፊት ከአሜሪካ ያመጣለት ባለ 40 ዋት የቲዩብ አምፕሊፋየር አለው። ከኋላው ሁለት ትልልቅ 6ኤል6ጂሲ እና ሦስት ትንንሽ 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎሉ አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃዎች፣ ተሰክተውበታል። ጠዋት ለልምምድ ሲከፍተው ደህና ይጮኻል፤ ማታ ሥራ ላይ ግን ድምፁ ይደክማል። አንዳንድ ኖታ ሲመታ ብርጭቆ የተነካ የሚመስል ቅጭልታ ይከተለዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ ውስጡ ሲቀላ አየ፤ ወዲያው ፊውዙ ተቃጠለ። አንድ ጠጋኝ «አምስቱንም ቀይር» ብሎታል። አጎቱ ለጥምቀት ስለሚመጣ ምን ዓይነት ቲዩብ ያምጣልህ ልበለው ይላል። ከንፈሩ ማይክሮፎን ሲነካ እንደሚነዝረውም በመጨረሻው መስመር ላይ ጠቅሷል።

ወንድሜ፣ እኔ ከመጨረሻው መስመር እጀምራለሁ። ማይክሮፎኑ ከነዘረህ በዚያ አምፕሊፋየር ዛሬ ማታ አትጫወት። መሣሪያው ከአሜሪካ ስለመጣ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ አንተም እንደ ሁላችን 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተህ እንደምትጠቀም እገምታለሁ። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ናቸው። የአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ሦስተኛ እግር፣ ማለትም የመሬት ሽቦው፣ እዚያ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የመሣሪያው የብረት አካል፣ ከእርሱም ጋር የተያያዙት የጊታርህ ክሮች፣ መሬት የላቸውም። ውስጥ ትንሽ ፍሳሽ ከተፈጠረ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚያልፈው በአንተ ሰውነት ነው፤ እጅህ ክሩ ላይ፣ ከንፈርህ ማይክሮፎኑ ላይ ነውና። በዚህ መንገድ የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ። ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ የመሬት ሽቦው ከግድግዳ እስከ አምፕሊፋየር ሳይቋረጥ የሚያልፍበት ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። የሆቴሉ ሶኬት ራሱ የመሬት መስመር እንዳለው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይልህ። ለቲዩብ ከምታወጣው ገንዘብ ይህ ይቅደም።

ወደ ድካሙ ልምጣ። ጠዋት ደህና፣ ማታ ደካማ ብለሃል። ያረጀ ቲዩብ ሰዓት አይመርጥም፤ ማታ ከደከመ ጠዋትም ደካማ ነው። ሰዓት የሚመርጠው የመብራት መስመሩ ነው። አመሻሽ ላይ በየቤቱ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ በየሱቁ መብራት ሲበራ ቮልቱ ይወርዳል። ቲዩብ ይህን የሚሰማው ከትራንዚስተር ይልቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ።

በቲዩቡ መካከል ብርቱካንማ ሆኖ የሚታየው ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል። አሥር በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይታገሣል፤ ከ5.7 እስከ 6.9 ማለት ነው። የአንተ ትራንስፎርመር የሚሠራው የገባለትን በግማሽ መክፈል ብቻ ነው። ግድግዳው 220 ሲሰጥ አምፕሊፋየሩ 110 ያገኛል፤ እርሱ ግን የተሠራው ለ120 ነው። ስለዚህ መስመሩ ሙሉ በሆነበት ሰዓት እንኳ ማሞቂያው የሚደርሰው 5.8 ቮልት ገደማ ነው፤ ከጠርዙ ላይ ቆሟል። መስመሩ ወደ 190 ሲወርድ ለአምፕሊፋየሩ 95 ይደርሰዋል፣ ማሞቂያው 5 ቮልት ላይ ይወድቃል፣ ለትልልቆቹ ቲዩቦች የሚሰጠው፣ 420 መሆን የነበረበት ከፍተኛው ቮልት ደግሞ ወደ 330 ይወርዳል። በማሞቂያው ዙሪያ ያለው ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል ካቶድ ይባላል፤ በደንብ ያልሞቀ ካቶድ የሚፈለገውን ያህል ኤሌክትሮን አይለቅም። በዚህ ሁኔታ ከዓለም ምርጡን ቲዩብ ብትሰካበትም ማታ ይደክማል። ጠጋኙ አምስቱንም ቀይር ያለህ ቀን ላይ ስላየው ይሆናል፤ አልወቅሰውም፤ ግን አንተ የነገርኸኝን የሰዓት ልዩነት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ያወጣው ካቻቢቴውን ሳይሆን መልቲሜትሩን በሆነ ነበር።

ስለዚህ ርካሽ መልቲሜትር ይዘህ በሆቴሉ ሶኬት ላይ ሦስት ምሽት ለካ፦ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ። ቁጥሩን ጻፈው። የመጨረሻውን አትተወው፤ ከተማው ሲተኛ ቮልቱ ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላልና። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ካገኘኸው መፍትሔው ስታቢላይዘር፣ ማለትም የሚዋዥቀውን ቮልት የሚያረጋ መሣሪያ፣ ነው፤ ከማውረጃው ትራንስፎርመር በፊት ይገባል። 40 ዋት የሚያወጣ የቲዩብ አምፕሊፋየር ከግድግዳ የሚስበው እስከ 180 ዋት ሊደርስ ስለሚችል ስታቢላይዘሩም ትራንስፎርመሩም 500 ዋት ይሁኑ። በርካሾቹ ላይ የተጻፈውን አኃዝ እኔ በግማሹ ነው የማምነው። ትራንስፎርመር የሚጠመጥም ባለሙያ ካገኘህ ደግሞ 220ን ወደ 120 እንጂ ወደ 110 እንዳያወርድልህ ንገረው። ያ አሥር ቮልት ማሞቂያውን በትክክል 6.3 ላይ ያቆምልሃል።

መብራት ሲጠፋ እጅህ ወዲያውኑ ወደ ማጥፊያው ይሂድ። ሲመለስ ቮልቱ ዘሎ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ አምፖሎቹ ሲረጉ ክፈት። ሆቴሉ ጀነሬተር ሲያስነሳም እንዲሁ።

አሁን ስለ ቀላው ቲዩብ። እዚህ ላይ ሦስት ብርሃኖችን መለየት አለብህ። መካከል ላይ የሚታየው ብርቱካንማ ፍም ማሞቂያው ነው፤ ጤና ነው። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጋረደ ስስ ሰማያዊ ብርሃን፣ በተለይ ጠንከር አድርገህ ስትመታ የሚወዛወዝ፣ እርሱም ጤና ነው፤ ኤሌክትሮኖች መስታወቱን ሲመቱ የሚፈጠር ነው። ሦስተኛው ግን በውጭ በኩል ያለው ግራጫ ቆርቆሮ፣ አኖድ የምንለው፣ እንደ ጋለ ብረት ጎኑ ላይ ቀይ ጠባሳ ሲያወጣ ነው። ይህ ከታየ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ሴኮንዶች ናቸው ያሉህ፤ ከዚያ ቲዩቡ ብቻ ሳይሆን ትልልቆቹን ቲዩቦች ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው የመውጫ ትራንስፎርመርም ሊከተል ይችላል፤ እርሱን ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ አታገኘውም። ፊውዙ ተቃጥሎ አድኖሃል። በልኩ በሌላ ፊውዝ ብቻ ተካው፤ በሲጋራ ወረቀት ወይም በወፍራም ሽቦ አታስሮጠው።

የቀላ ቲዩብ ሁልጊዜ የተበላሸ ቲዩብ አይደለም። ለመለየት አምፕሊፋየሩን አጥፍተህ፣ ነቅለህ፣ ቲዩቦቹ እስኪበርዱ ጠብቀህ ሁለቱን ትልልቆች ቦታ አቀያይራቸው። ከዚያ ከፍተህ ዓይንህን ሳትነቅል ተመልከት። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ወደ አዲሱ ቦታ ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። ቅላቱ በድሮው ቦታ ከቀረ፣ አሁን የተቀመጠበት ጤነኛው ቲዩብ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ አዲስ ቲዩብም እዚያ ይቃጠላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት አንድ እንዲህ ያለ አምፕሊፋየር እጄ ገባ። ሦስት ጊዜ ቲዩብ ተቀይሮበታል፤ ሦስቱም ጊዜ በአንድ በኩል ያለው ቀልቶ ሞቷል። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሊሸጠው ነበር። ስምንት ቀዳዳ ያለውን የቲዩቡን መቀመጫ በባትሪ መብራትና በማጉያ መነጽር ስመለከት ከቀዳዳዎቹ አንዱ ውስጥ ያለችው የመዳብ መንጋጋ አረንጓዴ ዝገት ለብሳ ተከፍታለች። አምስተኛዋ ናት። በ6ኤል6 አምስተኛዋ እግር የመቆጣጠሪያው ፍርግርግ ነው፤ ቲዩቡን የሚገታው 50 ቮልት ገደማ የሆነ ነጌቲቭ የሚገባው በእርሷ ነው። ያች እግር ስትላቀቅ ቲዩቡ ልጓሙ ወልቆ ይጋልባል። ባሱ ሲያንቀጠቅጠው መንጋጋዋ ትለቃለች፣ ቲዩቡ ይቀላል። በንጹሕ አልኮልና በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ፣ መንጋጋዋን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ አጠጋኋት። የወሰደው ግማሽ ሰዓት ነው። ባለቤቱ ግን ለስድስት ቲዩብ ከፍሎ ነበር፤ ይህን ሳስታውስ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው መቀመጫውን አስቀድመህ አስጸዳ የምልህ። መቀመጫው ንጹሕ ሆኖ ቅላቱ በዚያው ቦታ ከቀጠለ የሚጠረጠረው ከፊቱ ያለው ማገናኛ ካፓሲተር ነው፤ ድምፁን አሳልፎ ከፍተኛውን ቮልት የሚያግደው ዕቃ ማለት ነው። ካፓሲተሩ ሲያፈስ ፖዘቲቭ ቮልት ወደ ፍርግርጉ ሾልኮ ይገባና ያንኑ ልጓም ይፈታል። መለካቱ ቀላል ነው፤ ትልልቆቹን ቲዩቦች አውጥቶ በሁለቱም መቀመጫዎች አምስተኛ እግር ላይ ያለውን ነጌቲቭ ማነጻጸር ነው፤ እኩል መሆን አለባቸው። ነገር ግን ይህን አንተ አታድርገው። ውስጥ ያለው ከ400 ቮልት በላይ ነው፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። በአንድ እጅ መሥራት የለመደ፣ ካፓሲተር አውርዶ የሚነካ ሰው ይክፈተው።

የብርጭቆ ቅጭልታው የትንንሾቹ ጉዳይ ይመስለኛል። በውስጣቸው ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ከድጋፋቸው ሲላሉ ቲዩቡ ራሱ እንደ ማይክሮፎን መስማት ይጀምራል። አምፕሊፋየሩ በርቶ ድምፁ መካከለኛ ሆኖ በእርሳስ ላጲስ በኩል እያንዳንዱን ትንሽ ቲዩብ ቀስ አድርገህ ነካ ነካ አድርግ። ሁሉም ትንሽ «ጧ» ይላሉ፤ ሕመምተኛው ግን እንደ ደወል ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። በአብዛኛው ከጊታሩ መግቢያ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ነው። እርሱን ወደ መጨረሻው ቦታ ብታዞረው ድምፁ ላይሰማህ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቦታ ያለ ጉድለት በቀሩት ሁሉ እየተባዛ ይሄዳልና። ከአምስቱ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ የሚበቃህ ቢሆን ኖሮ ለዚያች ቦታ ግዛ እልህ ነበር።

እንግዲህ ስለ ምርጫው። መጀመሪያ ትልልቆቹን እንይ። መሣሪያህ የተሠራው ለ6ኤል6ጂሲ ነው፤ ያንኑ ግዛ። «ጂሲ» የሚለው ፊደል ጌጥ አይደለም፤ አኖዱ 30 ዋት ሙቀት ይሸከማል ማለት ነው። የጥንቱ 6ኤል6 የሚሸከመው 19 ዋት ነበር፤ ተመሳሳይ እግር ያለው 5881 ደግሞ 23 ዋት። በአንተ አምፕሊፋየር ላይ እነዚህ ይሰካሉ፤ ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው የሚሆነው። የእንግሊዝ ድምፅ አምሮህ ኢኤል34 እንዳትሰካበት። መቀመጫው ይቀበለዋል፣ መሣሪያው ግን አይቀበለውም፤ 6ኤል6ጂሲ ለማሞቂያው 0.9 አምፔር ሲወስድ ኢኤል34 1.5 ይወስዳል። በሁለት ቲዩብ 1.2 አምፔር ተጨማሪ ማለት ነው፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ለዚያ ላይበቃ ይችላል።

ሁለቱ የተጣመሩ ይሁኑ፤ ሻጩ በመሣሪያ ለክቶ እኩል ፍሰት ያላቸውን ያሸገ። እንዲህ ባለው አምፕሊፋየር ሁለቱ ቲዩቦች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ነው የሚሠሩት፤ እኩል ሲሆኑ የመስመሩ ጉምጉምታ በመካከላቸው ይጠፋፋል። እኩል ካልሆኑ ጉምጉምታው ይቀራል፣ አንደኛውም የሌላውን ሸክም ይሸከማል።

ስለ ፋብሪካ ብዙ አትጨነቅ። ዛሬ አዲስ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚሠራው በስሎቫኪያ፣ በሩሲያዋ ሳራቶቭ እና በቻይና ነው። ተንግሶል፣ ሙላርድ፣ ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚሉ የተለያዩ ካርቶኖች ብታይ አራቱም የሳራቶቭ ልጆች ናቸው፤ የጥንቱ ሙላርድ በእንግሊዝ ብላክበርን ይሠራ የነበረው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተሻገረው። ለስም ልዩነት እጥፍ አትክፈል። ጄጄ የተባለው የስሎቫኪያው ጠንካራ ነው፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይ የአቅርቦታችንን ቮልት ከታገሡት መካከል ነው። ከመጋዘን የተገኘ የድሮ ቲዩብ እያሉ በውድ የሚሸጡትን ግን ለሦስት ምሽት የሆቴል ሥራ አልመክርም። ድንቅ ናቸው፤ ነገር ግን በሚዋዥቅ መብራት ላይ አንጀቴ አይችልም።

ትንንሾቹ ላይ ነው ጣዕምህን የምትመርጠው። 12ኤኤክስ7 የአውሮፓ ስሙ ኢሲሲ83 ነው፤ አንድ ናቸው። የማጉላት ልኩ 100 ነው። በዚያው መቀመጫ የሚገባው 5751 ልኩ 70 ነው፣ 12ኤቲ7 60፣ 12ኤዩ7 ደግሞ ወደ 20 ይወርዳል። ትዝታና ባቲ እንደምትጫወት፣ ድምፁ ቶሎ እንዳይሻክርብህ እንደምትፈልግም ጽፈሃል። እንግዲያው በመጀመሪያው ቦታ 5751 አስገባ። ድምፅ መጨመሪያውን ከፍ ብታደርገውም ክሩ ሲነካ የሚወጣው ጥርት ይቆይልሃል፤ ረጅሙን ኖታ ስታወዛውዘው መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ይሞቃል። ለትዝታ ከዚህ የሚስማማ አላውቅም። በ1936 ዓ.ም. ሙላቱ አስታጥቄ በተወለዱባት ከተማ አንድ ወጣት ስለ ድምፅ ጥራት እንዲህ ተጨንቆ ሲጽፍ ማየቴ ደስ ብሎኛል። በቀሩት ሁለት ቦታዎች 12ኤኤክስ7 ይቀመጥ፤ አሁን ያሉት የእርሳሱን ፈተና ካለፉ አትቀይራቸው። ትንንሽ ቲዩቦች ብዙ ዓመት ይኖራሉ። አናታቸው ላይ ያለው የብር ቀለም ወደ ነጭ ካልተለወጠ አየር አልገባባቸውም።

አዲሶቹ ትልልቆች ሲገቡ ባየስ፣ ማለትም ሳትጫወት በቲዩቡ የሚያልፈውን ፍሰት የሚወስነው ያ ነጌቲቭ ቮልት፣ መስተካከል አለበት። ልኩ እንዲህ ይገኛል፦ የ30 ዋት ሰባ በመቶ 21 ዋት ነው፤ ለ420 ቮልት ስታካፍለው ለአንድ ቲዩብ 50 ሚሊአምፔር ይመጣል። ያ ጣሪያው ነው። እኔ ጅማ ላይ ከ35 እስከ 40 ላይ ነው የምተወው፤ ድምፁ ብዙም አይጎድልበትም፣ ቲዩቡ ግን መስመሩ ሲወጣ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል። ባለሙያው ከማስተካከሉ በፊት የመስመሩን ቮልት ይለካ። በ190 ላይ የተስተካከለ ባየስ ሌሊት 235 ሲገባ ሁለቱንም ቲዩቦች ሊያቀላ ይችላል።

ስለ አገራችን አየር ትንሽ ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የሚወስደው በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከግድግዳ ቢያንስ ሁለት ስንዝር አርቀው፤ መጋረጃ አታስጠጋው። ከሲሚንቶ ወለል ላይም አንሣው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች የጅማ በርጩማ ከሃያ ኪሎ በላይ ትሸከማለች፤ ሰፊዋን ምረጥ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ነው ጠላትህ። በላስቲክ አትሸፍነው፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። በጥጥ ነጠላ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሸፍነው፣ ሥራ ባይኖር እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አብራው፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ስፒከሩ ሳይሰካ ግን ምንጊዜም አታብራው።

ቲዩብ ስትነቅል መስታወቱን አትጠምዝዘው፤ ከግርጌው ይዘህ ወደ ላይ እያወዛወዝህ ሳበው። የትልልቆቹ እግር መካከል ያለችው የላስቲክ አንካሴ ተሰብራ ከሆነ ያንን ቲዩብ መልሰህ አትሰካው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ስለሚገባ 420 ቮልቱን የማይገባው እግር ላይ ልትሰጠው ትችላለህ። አጎትህ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስላለበት ቲዩቦቹን ከነካርቶናቸው በልብስ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ሳይሆን ጭኑ ላይ ይያዛቸው።

እንግዲህ ለአጎትህ የምትልከው መልእክት ይህ ነው፦ አንድ የተጣመረ ጥንድ 6ኤል6ጂሲ፣ አንድ 5751፣ አንድ መጠባበቂያ 12ኤኤክስ7፣ በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን አምፔር ያህል የሆኑ አምስት ፊውዞች። ፊውዙ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ይሁን፤ ቶሎ የሚቃጠለው ገና ስትከፍተው ይበጠሳል። ስታቢላይዘሩንና ባለ መሬት ትራንስፎርመሩን ግን ጥምቀትን ሳትጠብቅ ከዚሁ ግዛ። የሦስቱን ምሽት ቁጥሮች ስትጽፍ ደግሞ የቀላው በየትኛው በኩል ያለው እንደነበር፣ ስታቀያይራቸውም ቅላቱ ወዴት እንደሄደ አብረህ ጻፍልኝ፤ ባየሱን ለሚያስተካክልልህ ሰው ምን ልትነግረው እንደሚገባህ ከዚያ ተነሥቼ እነግርሃለሁ።